ከበሩ ኋላ የነበረችው ሲኒ

በእናንተ ቤት ለብቻዋ የምትቀመጥ ሲኒ ነበረች? እኔ ባደግኩበት የጎንደር ቤት ነበረች። ከሌሎቹ ጋር ረከቦት ላይ አትደረደርም። ከበሩ ኋላ፣ ጠርዟ እንደተሸረፈ፣ አንዲት ሴት እስክትመጣ ትጠብቃለች።

ሴትዮዋ ከወለቃ በእግሯ የምትመጣ ሸክላ ሠሪ፣ ቤተ እስራኤል ነበረች። ያን ጊዜ የምንጠራቸው በሌላ ስም ነው። ጀበናውንም ድስቱንም ምጣዱንም ከእሷ እንገዛለን። አያቴ «እንደ እሷ እጇ የተባረከ የለም» ትላለች። ቡናው ሲደርስ ግን ሴትዮዋ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በዚያች ሲኒ ትጠጣለች። እኔን ደግሞ አያቴ ዓይኗ እንዳያርፍብኝ በነጠላዋ ከልላ ወደ ጓዳ ታስገባኛለች። ቡዳ ናት ይባላላ! ልብ በሉ፤ ሁላችንም የምንጠጣው ቡና የሚፈላው እሷ በሠራችው ጀበና ነው።

አያቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ጾሙን ሁሉ ትጾማለች፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳትሳለም አትውልም፣ ነዳይ ከደጇ ባዶ እጁን አይመለስም። ስለ ሲኒዋ ስጠይቃት «እሷም እኮ ሥጋችንን አትበላም» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ቤተ እስራኤሎችም የራሳቸው የመንጻት ሥርዓት ነበራቸው። ግን እነሱ እኛን ሌሊት ጅብ ይሆናሉ አላሉንም። ርስት የነሣናቸውም እኛ ነን፤ ርስት ለተጠመቀ ብቻ የተባለው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን እንደሆነ ይተረካል። የምንኮራባቸውን የጎንደር ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት ከሠሩት መካከል ግን የእነሱ ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩበት።

በ1982 ዓ.ም. ሴትዮዋ ቤተሰቧን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ወረደች። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ እሷም አብራ ሄደች። ሲኒዋ እዚያው ከበሩ ኋላ ቀረች።

በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ያ ወሬ መጣ። የእስራኤል የደም ባንክ ኢትዮጵያውያኑ የለገሱትን ደም በሽታ ይኖርበታል በሚል ለራሳቸው ሳይነግር ሲደፋው ኖሯል። ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ። አያቴ ይህን ስትሰማ ጀበናው እጇ ላይ ነበር። «የሰው ደም ይደፋሉ? የኛ ልጆች አይደሉም እንዴ!» አለች። ከዚያ ዝም አለች። የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሳላስበው ወደ በሩ ኋላ አየሁ። ሳይ አየችኝ። በማግስቱ ሲኒዋ ከቦታዋ አልነበረችም። የት እንዳደረሰቻት አልጠየቅኳትም።

ይህን ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የእህቴ ልጅ ሊያገባ ነው። ልጅቷን ያገኛት ሰንበት ትምህርት ቤት ሲዘምሩ ነው፤ አባቷ ዳባት አካባቢ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሰባት ቤት ተቆጠረ። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው፤ እኛ ግን አጥንት ማጥሪያ አድርገነዋል። አንድ ትልቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባለ እጅ ናቸው አሉ» አሉ። ሁላችንም ገባን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እኛ እዚያው ነን።

ከእኚህ ሰው ራስ በላይ የጌታችን ሥዕል ተሰቅሏል። ያሳደገው ዮሴፍ ጠራቢ ነበር። ሰባት ቤት ብንቆጥርበት እሱንም እንቢ ልንለው ነው። ይህ ሁሉ ያኔ በሐሳቤ መጣ፤ ከአፌ ግን አንድ ቃል አልወጣም። አቀርቅሬ ፈንዲሻ ቆረጠምኩ።

ልጅቷን ለእሁድ ቡና ጠርቻታለሁ። ልጄ ሲኒዎቹን ከአሁኑ አጥባ ረከቦቱ ላይ ደርድራለች። ሽማግሌ የሚላከው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ቤተሰቡ አንድ ጊዜ ይሰበሰባል። ለእኚያ ትልቅ ሰው ምን እንደምላቸው እየተለማመድኩ ነው። አክብሬያቸው፣ ግን ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ መናገር እፈልጋለሁ። በእናንተ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው?