ዕረፍት ለሕያዋን

በአማርኛ «ዐረፈ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን ያመለክታል። አንደኛው ከድካሙ በኋላ ጥላ ሥር የተቀመጠው ነው፤ ሁለተኛው ከዚህ ዓለም የተለየው። በዕለት ኑሯችን ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን እየዋጠው መጥቷል። «እገሌ ዐረፈ» ሲባል ነጠላውን የሚያዘቀዝቅ እንጂ «የት? ለስንት ቀን?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ዕረፍት ለሙታን የተተወ፣ ሕያዋን ግን በውሰት እንኳ ሊያገኙት የማይገባ ሀብት መስሏል።

ይህ ሲባል ሕዝባችን ዕረፍትን አያውቅም ለማለት አይደለም። ሰንበት አለው፤ የወር በዓላት አሉት። ለሰባት ቀን ከቤት ርቆ የመቆየትንም ልማድ ከማንም አልተዋሰውም። «ሱባኤ» የሚለው ቃል ራሱ ሰባት ከሚለው የግዕዝ ቁጥር የወጣ ነው። ወደ ዋልድባ ገዳም የሚሻገረው ምእመን ከሚነሣባቸው ከተሞች አንዷ የሆነችው አዲ አርቃይም ስንቁን በትከሻው አንጠልጥሎ የሚያልፍ እንግዳ ስታይ የኖረች ናት። ሆኖም ሱባኤ የሚገባው ሊጾምና ሊጸልይ ነው፤ ጠበል የሚወርደውም ሊፈወስ ነው። ሁለቱም ብርቱ ሥራዎች ናቸው። ያለ ለቅሶ፣ ያለ ሠርግ፣ ያለ ሕመምና ያለ ስእለት ቤቱን ዘግቶ ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ሰው ግን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ልማዳችን ስም አላወጣለትም።

ሕጉ ከልማዱ ቀድሟል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ክፍያ ያለው ዕረፍት ይሰጣል፤ ሠራተኛው ይህን መብቱን ለመተው ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ሠራተኛውን ከራሱ ከሠራተኛው ሳይቀር የሚጠብቅ ሕግ ነው ማለት ይቻላል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1936 የሁለት ሳምንት ክፍያ ያለው ዕረፍት በሕግ በተደነገገ ጊዜ፣ ዕድሜውን በፋብሪካ ያሳለፈ ብዙ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር አየ። ሕግ በር ይከፍታል፤ በሩን አልፎ መሄድ ግን የእያንዳንዱ ሰው ፈንታ ነው።

የአዲ አርቃይ ሰው ወደ ባሕር የሚወስደውን በር ያውቀዋል፤ መንገዱ በደጁ ያልፋልና። ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ገደል ተጠማዝዞ የሚወርደው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው መንገድ አዲ አርቃይን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሽሬና በአክሱም አድርጎ አሥመራ ይደርሳል። ከአሥመራ ወደ ምፅዋ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕሩ ጠርዝ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ዘመን ወደ ምፅዋ ወርዶ በጉርጉሱም ዳርቻ መሰንበት ለባለሥልጣን፣ ለነጋዴና ለመኰንን እንጂ ለገጠር መምህር የታሰበ አልነበረም። ቢሆንም ባሕሩ በመንገዱ ጫፍ ነበረ። ከ1985 ዓ.ም ጀምሮ ግን ምፅዋ የሌላ ሀገር ወደብ ናት፤ መንገዱ አለ፣ ባሕሩ ከሐሳብ ርቋል።

በዚህች ከተማ አንድ ባልና ሚስት አሉ። እርሱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ እርሷ የጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው። አንድ ምሽት፣ በትዳር በኖሩባቸው አሥራ ስድስት ዓመታት ከቤታቸው ውጭ አብረው ያደሩባቸውን ጊዜያት ቈጠሩ። ሦስት ለቅሶ፣ ሁለት ሠርግ፣ አንድ ጠበል። ሰባተኛው ጊዜ በ2013 ዓ.ም ክረምት ነበር። ጦርነቱ አዲ አርቃይ በደረሰ ጊዜ ልጆቻቸውን ይዘው፣ በአንድ ከረጢት ዱቄትና ሰነድ ቀላቅለው፣ በሩን ቈልፈው ወጡ። ቁልፉን እስኪመለሱ ድረስ እርሷ በጉያዋ ይዛው ቈየች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሻንጣ ከአልጋ ሥር ሲወጣ ትንሿ ልጅ ታለቅሳለች። አንድ ሳምንት ዐርፎ የመመለስ ሐሳብ የተጸነሰው ከዚህ የተነሣ ነው፦ ሻንጣ የሚዘጋጀው ለሽሽት ብቻ አለመሆኑን ልጆቹ በዓይናቸው እንዲያዩ።

የተመረጠው ስፍራ ጎርጎራ ነው። ከጎንደር በስተደቡብ፣ በደምቢያ ሜዳ በቆላ ድባ በኩል ታልፎ የሚደረስበት የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። ጎርጎራ በ2012 ዓ.ም «ገበታ ለሀገር» በተባለው ሥራ እንዲለሙ ከተመረጡት ሦስት ስፍራዎች አንዷ ስትሆን፣ በዳርቻዋ ለባለጸጋ እንግዳ የሚሆን ማረፊያ ተነሥቷል። መምህሩ ግን አቅሙን ዐውቆ ከውኃው ዳር ራቅ ያለች፣ ሁለት ክፍል ያላት የአንድ ዓሣ አስጋሪ ቤት በዘመድ በኩል አስጠየቀ። ጊዜው የመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ይሆናል፤ ወሩ ደረቅ ነው፣ ትንኙም ከክረምት ማግስት ይልቅ ይቀንሳል።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ዕቅድ ጻፈ። የትምህርት ዕቅድ እንደሚጻፍ አድርጎ ዓላማ፣ ተግባር፣ ሰዓት የሚሉ ዓምዶች አሰመረ። ሰኞ ደብረ ሲና ማርያም፤ ማክሰኞ የሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ፤ ረቡዕ ልጆቹን ስለ ዓባይ መነሻ ማስተማር። ነርሷ ወረቀቱን ተቀብላ እስክሪብቶ አነሣችና ረቡዕን ሰረዘች፤ ሐሙስንም፣ ዓርብንም እንዲሁ። «ለበሽተኛ ዕረፍት ሳዝ ሰዓት አልጽፍለትም» አለችው። ከብዙ ክርክር በኋላ ሁለት ቀን ለእርሱ ጉብኝት ተተወ፤ አምስቱ ባዶ ሆኑ። መምህሩ በባዶዎቹ ዓምዶች ፊት ሲቀመጥ እንደ ፈተና ጥያቄ ከበዱት።

ስንቁ ላይ ግን ክርክር አልነበረም። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ በሶ ከቤት ይሄዳል፤ ቆሮሶና አምባዛ ከሐይቁ ይገኛል። አጎበር አይረሳም፤ የእጅ ባትሪ አይረሳም። የተማሪዎች የፈተና ወረቀት እንዳይገባ ሻንጣውን እርሷ ትፈትሻለች። ታንኳ የሚጋልቡት ጧት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣልና። ቁልፉም በዚህ ጊዜ ለጎረቤት ይሰጣል።

የነርሷ እናት ዝግጅቱን አይተው «ልጄ፣ ማን ሞቶ ነው?» ብለው ጠየቁ። «ማንም አልሞተም እማዬ፣ ልናርፍ ነው» ስትላቸው አማተቡ። ቀጥሎም ገንዘቡ ለጣራው ክዳን ቢውል እንደሚሻል ተናገሩ። ሐሳባቸው ከንቱ አልነበረም፤ ጣራው በእርግጥ ያፈሳል። ልጅቱ መልስ አላጣችም፦ «ጣራውን ለከርሞም እንከድነዋለን፤ ልጅቷ ግን ለከርሞ ሌላ ልጅ ናት።» እናት ዝም አሉ፤ በማግስቱ ጭኮ አዘጋጅተው ላኩ።

በዕቅዱ ግርጌ አንድ መስመር ተጨምሯል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት የተነሣ መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት መንገዱን መጠየቅ ለምዷል። ስለዚህ መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «መንገዱ ቢዘጋ ዕረፍቱ አይዘጋም።» በዚያ ጊዜ ሳምንቱ ከአዲ አርቃይ በላይ፣ በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚኖር ዘመድ ቤት ይሆናል። ከሳንቃበርና ከጨነቅ ተነሥቶ ተራሮቹን በእግሩ የሚያቋርጠው የውጭ ሀገር እንግዳ ጉዞውን የሚፈጽመው እዚያው አዲ አርቃይ ነው፤ ባለአገሩ ግን ያንኑ ገደል ቀና ብሎ ሳያየው ዓመቱ ያልፋል።

በቼኾቭ «ሦስቱ እህቶች» ተውኔት እህትማማቾቹ ወደ ሞስኮ የመሄድን ሐሳብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነሡታል፤ አይሄዱም። ያ ሐሳብ ቀን የለውም፣ ስንቅ የለውም፣ ቁልፉን የሚረከብ ጎረቤትም የለውም። ምኞትና ዕቅድ የሚለዩት በዚህ ነው። የመምህሩና የነርሷ ወረቀት ቀን አለው፤ ቢከለከል የሚተካው አለው፤ አምስት ባዶ ቀናትም አሉት።

ዳርቻውም ቢሆን የዕረፍት ብቻ ስፍራ አይደለም። በ2004 ዓ.ም በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ የደምቢያን ዳርቻ ክፉኛ ወርሮ፣ ገበሬው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ታይቷል። እንግዳው ቁጭ ብሎ የሚያየው ውኃ ለባለቤቱ እርሻና ማጀት ነው። ይህን ዐውቆ የሚያርፍ ሰው፣ የዓሣውን ዋጋ ሳይከራከር ይከፍላል፤ ውኃውንም አያቈሽሽም።

መምህራን ለተማሪው፣ ሹማምንት ለሠራተኛው፣ ከያንያን ለተመልካቹ ሊያሳዩት የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ዕረፍት የሥራ ጠላት አይደለም፤ የሞት ብቻ ስምም አይደለም። ቤቱን በጦርነት ዘግቶ የወጣ ሰው በሰላም ዘግቶ ወጥቶ፣ በሰላም ተመልሶ ሲከፍተው ቤቱ እንደገና የእርሱ ይሆናል።