የሲቀላ ገበያና የሽፈራው ቅጠል

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አርባ ምንጭ የደረሰ መንገደኛ፣ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ቁልቁል ሲወርድ በመጀመሪያ የሚቀበለው የቆላው ሙቀት ነው፤ ቀጥሎም በየግቢው ቆሞ የሚያየው የሽፈራው ዛፍ ነው። ጋሞዎች «ሀለኮ» ይሉታል። በበጋ የሌላው ጓሮ አትክልት ሲደርቅ እርሱ አረንጓዴ እንደ ሆነ ስለሚቆይ፣ የቆላው ሰው ጎመን እርሱ ነው።

የአገሩ ሰው እርጥቡን ቅጠል ከተድቦለቦለ የበቆሎ ሊጥ ጋር ቀቅሎ ይመገበዋል፤ ይኸውም ኩርኩፋ የተባለው ምግብ ነው። እንግዳው ግን ገዝቶ የሚሄደው ደረቁን ነው። አንድ የገበያ ቀን ሁለት ክምር ደረቅ ቅጠል ዘርግተው የተቀመጡ እናት አየሁ፤ አንዱ ክምር አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ወደ ቢጫ ያደላ ነበር።

«እናቴ፣ ዋጋቸው ስለ ምን ተለያየ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ይኼኛው በጥላ የደረቀ ነው፤ ያኛውን ፀሐይ በልቶታል» አሉኝ።

ሳይንስም የሚለው ይኸንኑ ነው። በሽፈራው ቅጠል ውስጥ ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ካሮቲን ይገኛል፤ የፀሐይ ብርሃንም ያጠፋዋል። ስለዚህ ቅጠሉን ከዘንጉ አራግፎ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር በንጹሕ ጨርቅ ላይ ሳሳ አድርጎ ማስጣት ይገባል። በእጅ ሲያሹት የሚፈረፍር ሲሆን፣ ብርሃንና እርጥበት በማያገኘው ዕቃ ይከደናል። ቪታሚን ሲ በመድረቁ ቢቀንስም፣ ካልሲየሙ፣ ብረቱና ፕሮቲኑ ይቀራሉ። ዱቄቱን ሽሮው ሊወጣ ሲል ጥቂት ነስንሶ ማማሰል ይበቃል፤ ካሮቲን ከቅባት ጋር ይበልጥ ስለሚዋሐድም ዘይት ወይም ቅቤ አይለየው።

የሚያሳዝነው ግን ቅጠሉን ለደም ግፊትም ለስኳርም ፍቱን መድኃኒት ነው እያሉ የሚሸጡት መብዛታቸው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ወዳጄ ይህን አምኖ፣ ደም ግፊት ላለባቸው እናቱ ዱቄቱን ልኮ «እንክብሉን ይተዉት» አላቸው። ወር ሳይሞላ እናቲቱ ራሳቸውን ስተው ወድቀው ሐኪም ቤት ገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። ልጁ ግን ያን ቀን ሲያስታውስ እስከ ዛሬ ድምፁ ይቆረጣል።

እርግጥ ነው፣ የቅጠሉ ጭማቂ ግፊት እንደሚቀንስ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ታይቷል። ነገር ግን በላቦራቶሪ አይጥ ላይ የታየው ነገር ለአንዲት እናት የሐኪም ትእዛዝ አይሆንም። የግፊት ወይም የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው ሽፈራው አዘውትሮ ሲጠጣ ለሐኪሙ ይንገር፤ እርጉዝ ሴትም ከሥሩና ከቅርፊቱ ትራቅ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሲቀላ በወረድህ ጊዜ አረንጓዴውን መርጠህ ግዛ፤ ለእናትህም ላክላቸው። ነገር ግን ለሽሯቸው እንጂ በእንክብላቸው ፈንታ አይሁን። የወዳጄም እናት ዛሬ እንክብላቸውን በሰዓቱ እየዋጡ፣ ሽፈራውን በሽሯቸው ይመገባሉ።