«ቁም» ስለምትባል አንዲት ቃል

የታናሽ እኅቴ ልጅ የማተሚያን ሥራ ልትማር ወደ እኔ በመጣች ዕለት፥ እናቲቱ እስከ ደጃፍ ተከትላት ደርሳ፥ «ጋሼ፤ ልጄን ዛሬ ሳስረክብዎ ጣቶቿ ዐሥር ናቸው፤ ሲመልሱልኝም ዐሥሩን ቈጥሬ እቀበላለሁ» አለችኝ። ቃሉን በቀልድ አስመስላ ብትናገረውም ቀልድ እንዳልነበረ ከፊቷ ተረዳሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰው ልጅን በመኪና ፊት የሚያቆም ሰው ምን ዕዳ እንዳለበት ሳስብ ቆይቻለሁና፥ ያየሁትንና የደረሰብኝን በጥቂቱ ልገልጽላችሁ ወደድሁ።

መኪናዪቱ ያለችው በቦንጋ ከተማ፥ በግቢዬ ጥግ በተሠራች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። በእግር እየተረገጠች የምትሠራ፥ ወረቀቱንም በእጅ የሚያጐርሷት የቆየች ማተሚያ ናት፤ ባለቤትዋ አርጅታለች ብሎ ሊጥላት ሲል ከአዲስ አበባ ገዝቼ በጅማ በኩል በካሚዮን አስመጣኋት። ረዳቶቼ ደመወዝ የሌላቸው፥ ከትምህርትና ከመሥሪያ ቤት መልስ በፈቃዳቸው የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። የምናትመውም የዕድር ደረሰኝ፥ የሠርግ መጥሪያ፥ አንዳንድ ጊዜም ሕፃናት በካፊኖኖ የሚያነቡት አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። (ካፊኖኖ ዛሬ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍና አናባቢውም በብዙ ስፍራ ስለሚደጋገም፥ ገጹን ሳንፈጽም የ«ኦ» ፊደል ከሣጥኑ ያልቅብናል። በአማርኛ ስንሠራ ደግሞ 231ዱ ፊደል በየሣጥኑ ተከፋፍሎ ለቃሚውን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሰው ይውላል።)

ይህ ሙያ በአገራችን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ. ም. ከተቋቋመ በኋላ፥ በዚሁ ስም የተጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ. ም. ሲወጣ፥ ቃሉ ሁሉ በፊደል ለቃሚ ጣት እየተለቀመ የተደረደረ ነበር። እኔም ከሃምሳ ዓመት በፊት ስሙን በማልጠራው በአንድ ማተሚያ ቤት በተቀጠርሁ ጊዜ፥ የተሰጠኝ ትምህርት «እኔን እያየህ ሥራ» የምትል ብቻ ነበረች። ከእኔ ጋር የተቀጠረ አንድ ባልንጀራዬ በሦስተኛው ወር የተጣመመ ወረቀት ሊያቃና እጁን ሰዶ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጣ። አለቃው «ቸኩሎ ነው» አለ፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ። በእውነቱ ቸኩሏል፤ ነገር ግን ያስቸኰለው ማን እንደ ሆነ፥ የተበላሸ ወረቀት እንዲተውም የነገረው ሰው እንደ ነበረ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ደግሞ በአጠገቡ ቆሜ እጁ ሲገባ አይቻለሁ። አለቃው በመካከላችን ስለ ነበረ፥ በእርሱ ፊት ጮኾ ሥራ ማስቆምን እንደ ድፍረት ቈጥሬ ዝም አልሁ። ይህን ለእኅቴ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።

መኪናዪቱ እንደ መጽሐፍ የምትከፈትና የምትዘጋ ናት። በአንደኛው ፊትዋ ፊደሉ በብረት ክፈፍ ታስሮ ይቆማል፤ በሁለተኛው ወረቀቱ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ጽሕፈቱ ይታተማል። በተከፈተች ቍጥር ግራ እጅ የታተመውን ያወጣል፥ ቀኝ እጅ አዲሱን ያገባል። በጐኗ ያለው ከባድ መዘውር ግን እግር ከመርገጫው ከተነሣ በኋላም ጥቂት ጊዜ መዞሩን አይተውምና፥ «እግሬን አንሥቻለሁ» ብሎ እጅን መስደድ ራስን ማታለል ነው። ኅትመቱን የሚያስቀር አንድ እጀታ አለ፤ እርሱም ቢሆን የሚያድነው ፊደሉን ነው እንጂ ጣትን አይደለም፤ ሁለቱን ፊት የሚያራርቃቸው በጥቂቱ ነውና።

ስለዚህ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ቀለምም ፊደልም አይነካም። እጅጌውን ይሰበስባል፤ ቀለበቱን ያወልቃል፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን አኑረው ጠጕራቸውን ያስራሉ። ከዚያ በባዶ መኪና መርገጥንና ማቆምን ብቻ ይለማመዳል። የሚረግጠውም የሚያጐርሰውም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው መዘውሩን አይነካም፥ ከኋላውም ቆሞ ወግ አያወጋም። በሁለተኛው ሳምንት ነጭ ወረቀት እሰጠዋለሁ፤ ጥቂቱንም ሆን ብዬ አጣምሜ አቀርብለታለሁ። የተጣመመውን ሊያቃና እጁን ያልሰደደ፥ ይልቁንም ወረቀቱ እንዲበላሽ ፈቅዶ መኪናውን ያቆመ፥ እርሱ አለፈ። ሌላው ከአንደኛው ሳምንት ይጀምራል። በእኛ አገር ይህ ትምህርት እጅግ ያስፈልጋል፤ የካፋ ዝናብ አብዛኛውን ወር አይለየንምና ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ይጠቀለላል፥ እርስ በርሱም ይጣበቃል፤ እጅን የሚያስትም ይኸው ነው።

ስለ እርሳሱም አንድ ነገር ልናገር። ፊደሎቹ በአብዛኛው የተሠሩት ከእርሳስ ስለ ሆነ፥ መርዙ ከጣት ወደ አፍ ይገባል፤ ይልቁንም ሕፃናትንና በማሕፀን ያለውን ፅንስ ይጐዳል። ሽርጡ ወደ ቤት አይሄድም፤ ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ በደረቁ አይጠረግም። ቡና በሚበቅልበት በካፋ ምድር ተቀምጦ «ቡና ወደዚህ ቤት አይገባም» ማለት ለጐረቤቶቼ እንደ ንፉግነት ታይቷቸው ነበር፤ አሁን ግን ረከቦቱ ከዛፉ ሥር ይዘረጋል፥ እጁን በሳሙና ያልታጠበም ሲኒ አይቀበልም። ቀለሙ ከተልባ ዘይት የተሠራ ስለ ሆነ፥ የተጠረገበት ጨርቅ ተከምሮ ቢያድር በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል፤ እርሱንም ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ውኃ አፍስሰን እንዘጋበታለን።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን አንዲት ቃል ማስተማር ነበር። አደጋ ያየ ሰው ሁሉ «ቁም!» ብሎ እንዲጮኽ አዘዝሁ፤ ለወንድም ለሴትም፥ ለታላቅም ለታናሽም ያው «ቁም!» ነው። ልጆቹ ጨዋ ሆነው ያደጉ ናቸውና ለእኔ ሲሆን «ጋሼ፥ እባክዎ ትንሽ ይቁሙ» እያሉ አስቸገሩኝ። ይህ ሁሉ ተነግሮ እስኪያልቅ ድረስ መኪናዪቱ ዘግታ ትከፍታለች። ስለዚህ እየረገጥሁ በየተራ እንዲያስቆሙኝ አደረግሁ። የእኅቴ ልጅ ቃሉን ከአንደበቷ ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀባት፤ በወጣላትም ጊዜ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ባለፈው ጥር 200 የሠርግ መጥሪያ ስናትም የሙሽራዪቱ አባት፥ በከተማው የተከበሩ ሽማግሌ፥ ሥራውን ለማየት መጡ። እኔም አክብሬአቸው በሥራዬ ላይ ሳለሁ አነጋገርኋቸው፤ የራሴንም ሕግ አፈረስሁ። አንድ እርጥብ ወረቀት ከቦታው ሲንሸራተት እጄ ሳላስብ ተከተለው። «ቁም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከድምፁም ጋር እጄ ወደ ኋላ ተመለሰ። መኪናዪቱ በወረቀቱ ላይ ተዘጋች።

ሽማግሌው ተቈጥተው፥ «ልጅ ለታላቅዋ እንዲህ ትናገራለችን?» አሉ። ልጅቱም ልትንበረከክ ስትል በክንዷ ያዝኋት፥ «ጌታዬ፤ ቃሉን ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ባትናገር ኖሮ እቀጣት ነበር» አልኋቸው። እንዲህ የተባለ ሰው አንድ ሳምንት ከመኪናው እንዲርቅ ሕግ አለንና ሽርጤን ፈትቼ ሰጠኋት። የቀረውን እርሷ አተመችው፤ ሥራውም በአንድ ቀን ዘገየ። ሽማግሌው መጥሪያውን ከእጇ ሲቀበሉ አልመረቋትም።

ቅዳሜ እኅቴ መጣች። ወሬውን ሰምታ ኖሮ፥ የልጅዋን ትታ የእኔን እጅ ያዘችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ቈጠረች። ያን ጊዜ ስለ ባልንጀራዬ ነገርኋት።