ለቤተሰቤ ብዬ ነው



ባለፈው ሴሚስተር ፈተና እንደጨረስን የዶርም ልጆች «ብሬኪንግ ባድ»ን በፍላሽ አስገልብጠን ማየት ጀመርን። 5 ሲዝን፣ 62 ክፍል ነው። እንዲህ ያለ ድራማ ማየት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ለኡስታዞቻችን ልተወውና፣ እኔን ምን እንዳደረገኝ ብቻ ልንገራችሁ። በሱ ምክንያት ሁለት ቀን ሱብሂ እንዳመለጠኝም አልደብቃችሁም።

ላላያችሁት፣ ዋልተር ዋይት በአሜሪካዋ አልበከርኪ ከተማ የሚኖር የኬሚስትሪ መምህር ነው። 50 ዓመት ሲሞላው የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ይነገረዋል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ደመወዙ አይበቃም። ስለዚህ ጄሲ ከሚባል የቀድሞ ተማሪው ጋር ሆኖ ሜታምፌታሚን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ማምረት ይጀምራል። ለምን ቢባል፣ መልሱ «ለቤተሰቤ ብዬ ነው» የሚል ነው።

እኔም የኬሚስትሪ ተማሪ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ቶሎ ወደድኩት። የሚያሳድደው መርማሪ የሚስቱ እህት ባል ነው፤ ሥራውን የሚሠራ ሰው። እኛ ግን የምንጠላው እሱን ነበር። ዋልተር ሊያዝ በተቃረበ ቁጥር አራታችንም «አይያዝ! አይያዝ!» እንላለን። ዱዓ ልናደርግለት ምንም አልቀረን።

2ኛው ሲዝን ላይ የጄሲ ፍቅረኛ በተኛችበት ትውከቷ ያንቃታል። ዋልተር አጠገቧ ነው። በጎኗ ቢያዞራት ትተርፍ ነበር። ምስጢሩን ስለምታውቅበት ቆሞ አያት። ዶርሙ ጸጥ አለ። ከመካከላችን አንዱ ቀስ ብሎ «ምን ያድርግ? ታጋልጠው ነበር እኮ» አለ። ማናችንም አልተቃወምነውም። እኔን ያስደነገጠኝ ያ ዝምታችን ነው።

ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ገና በ1ኛው ሲዝን ሀብታም የሆኑ የድሮ ጓደኞቹ የሕክምናውን ወጪ እንሸፍንልህ ብለውት ነበር፤ ኩራቱ አልፈቀደለትም። 2ኛው ሲዝን ሲጀምር ለቤተሰቡ የሚበቃውን አስልቶ 737 ሺህ ዶላር ላይ ደረሰ። በ5ኛው ሲዝን ሚስቱ መቁጠር ያቃታትን የዶላር ክምር እያሳየች ስንት ቢሆን ነው የሚበቃህ ትለዋለች። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ያደረገው ሁሉ ለራሱ እንደነበር ለዚችው ሚስቱ በአንደበቱ ይነግራታል።

እዚህ ላይ ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ።

ምክንያቱም ሁለተኛ ዓመት እያለሁ የሌሎችን ተማሪዎች የላብ ሪፖርት በብር እጽፍ ነበር። የጀመርኩት እናቴ ከምትቸረችረው ላይ ቀንሳ እንዳትልክልኝ ብዬ ነው። እሱስ እውነት ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ ብር ላኩላት። ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ልጄ፣ ሐላል ነው?» ብላ ነው። «አዎ እማ፣ ልጆች አስጠንቼ ነው» አልኳት። መረቀችኝ። በሚቀጥለው ወር ስልክ ቀየርኩ፤ ከዚያ ጫማ። ለእናቴ ዳግመኛ የላክሁት ከስንት ጊዜ በኋላ መሰላችሁ? መጻፉን ግን አላቆምኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ልጆቹ ዶርሜ ድረስ እየመጡ ሲለማመጡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የኢማም ነወዊ አርባ ሐዲስ የሚጀምረው በኒያ ሐዲስ ነው። መልካም ኒያ ሐራሙን ሐላል እንደማያደርገውም ደርስ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ያልገባኝ ነገር፣ ነፍስያ በምንወዳቸው ሰዎች ስም መነገድ እንደምትችል ነው። እኔ እናቴን ስጠራ፣ እናቴ ግን የሄደችበት ሁሉ የማታውቀው ነገር ነበር።

አሁን ሁለት ፍሬሽማኖችን ከዐስር በኋላ አስጠናለሁ። ክፍያው ከበፊቱ ግማሽ አይሞላም። ቢያንስ የዋሸሁት ሥራ እውነት ሆኗል፤ የበፊቱን ብር ግን ሐላል አያደርገውም። ለእናቴም ገና አልነገርኳትም። ለዒድ አገር ቤት ስገባ፣ ኢንሻአላህ፣ ቡና አፍልታ ስትቀመጥ እነግራታለሁ። ከዋልተር በፊት ልቅደም ብዬ ነው፤ እሱ ለሚስቱ እውነቱን የነገራት የሚተርፍ ነገር ካለቀ በኋላ ነበር።

በዱዓችሁ አትርሱኝ። እናንተም «ለቤተሰቤ ብዬ ነው» ብላችሁ የያዛችሁት ነገር ካለ፣ ቤተሰባችሁ ቢያውቀው ደስ ይለው እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቁ።

ወሰላሙ ዓለይኩም።