ሁለት መስመር በእንጦጦ

ከባሕር ዳር የመጣን ሰው እንጦጦ የሚቀበለው በብርዱ ነው። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የጠዋቱ ንፋስ የባሕር ዛፉን ሽታ ይዞ ጋቢ ያስናፍቃል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ብስክሌት በሚነዱ፣ ፈረስ በሚጋልቡና ፎቶ በሚነሱ ሰዎች ይደምቃል። እኔ ግን የመንፈቅ ዓመቱን እረፍት ፈረንሳይ ለጋሲዮን እህቴ ቤት ሳሳልፍ፣ ወደዚህ የምወጣው የእህቴን ልጅ እንግሊዝኛ ላስጠና ነበር።

እህቴን ያሳሰባት ፈተናው ነው። በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ፣ የወላጅ ሁሉ ጭንቀት አስጠኚ ማግኘት ሆኗል። አስጠኚው ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ይዞ ይመጣል፤ ልጅቱም ትክክለኛውን ምርጫ ታጠቁራለች። ፈተናው ድርሰት ስለማያስጽፍ ድርሰቷን የሚያርምላት የለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምራ እንግሊዝኛ የተማረች ልጅ 11ኛ ክፍል ደርሳ አንድ አንቀጽ መጻፍ ያስጨንቃታል።

ያደግሁት ጎጃም፣ የቅኔ ተማሪ በሚመላለስበት አገር ነው። ተማሪው ብቻውን ጫካ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተበላሸውን ያቀናለታል። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር፣ ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ይዘልቃል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በግእዝ፣ ማንም በቤቱ በማይነጋገርበት ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ የቤታችን ቋንቋ ስላልሆነ ልጆቻችን አይጽፉም ሲባል የማልቀበለው ለዚህ ነው።

እንጦጦ ላይም የቅኔውን ሥርዓት ይዘን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጀመርን። መጀመሪያ ልጅቱ ያመጣችው እንጦጦ ውብና ማራኪ ቦታ ነው የሚል፣ ከመጽሐፍ የተቀዳ የሚመስል ነበር።

«መንገድ ላይ ምን አየሽ?» አልኳት።

«እንጨት የተሸከሙ እናቶች።»

«አንዷ ምን ስታደርግ ነበር?»

ጥቂት አስባ ጻፈች፦ አንዲት እናት ሸክሟን ሳታወርድ ድንጋይ አስደግፋ ውኃ ጠጣች። ሰዋስው ያስፈለጋት ያኔ ነው፤ ሴትዮዋ ዛሬ ያደረገችውንና ዘወትር የምታደርገውን መለየት ነበረባት። እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ለማድረግ ስትሞክር ዓረፍተ ነገሩ ይጠላለፍባት ስለነበር፣ ማን ምን እንዳደረገ አስቀድማ፣ የትና ለምን የሚለውን አስከትላ እንድትጽፍ አስለመድኳት። ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ እኔም በአንድ ጊዜ አንድ ስሕተት ብቻ አርማለሁ። ሁሉን በቀይ ያዥጎረጎሩባት ልጅ ብዕር ትፈራለችና።

እረፍቱ ሳያልቅ ሁለቱ ዓረፍተ ነገር አንቀጽ ሆነ፤ እናቶቹ ሌላ ሥራ ማግኘት አለባቸው ብላ ምክንያቷን ደርድራ ተሟገተች። ለእህቴ የነገርኳትን ለሌላውም ወላጅ እላለሁ፦ አስጠኚ ስትቀጥሩ ልጁ በየቀኑ ያየውን ሁለት መስመር እንዲጽፍና አስጠኚው ቁጭ ብሎ እንዲያርምለት ጠይቁ። ማጥቆሩ ለፈተናው ቀን ይጠቅማል፤ ሐሳቡን መጻፍ የቻለ ልጅ ግን ዩኒቨርሲቲም ገብቶ፣ ሥራም ይዞ የሚናገረው አያጣም።