የነሐሴ ረኃብ፣ የጥቅምት ማር

ዛሬ ነሐሴ 10 ቀን፣ ሌሊቱን ሲያወርድ ያደረው ዝናብ ረፋዱ ላይ ጋብ ብሎ ፀሐይ ብልጭ ባለች ጊዜ፣ በጓሮዬ ካሉት ቀፎዎች በአንደኛው ደጃፍ ቆሜ ያየሁትን ሳልጽፍ ብውል ኅሊናዬ ዕረፍት አያገኝም። ሠራተኞቹ ንቦች ድንጉላውን፣ ወንዱን ንብ፣ በክንፉ ይዘው እየጎተቱ ከደጃፉ ጫፍ ይገፈትሩታል፤ እርሱም በእርጥቡ ሣር ላይ ጥቂት ተንፈራግጦ ዝም ይላል፤ ከአጠገቡም ገና ክንፍ ያላወጡ ነጫጭ እጮች ተጥለዋል። ቀፎ ያላችሁ ወዳጆቼ የዚህ ትርጓሜ አይጠፋችሁም፤ ቤቱ ተርቧል።

ምድር በልምላሜ ተሸፍና ሳለ ንብ ይራባል ቢሉት የማያምን ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አረንጓዴ ሁሉ ሲሳይ አይደለም። ብሳናው አበባውን ካረገፈ ሰንብቷል፤ አደይ አበባውም ገና አልፈነዳም፤ በመካከል የተገኘችውን ጥቂት አበባ እንኳ ዝናቡ ወለላዋን ያቀጥነዋል፣ ዱቄቷንም ያጥበዋል፤ ሙቀቱም ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ንብ ለመብረር ኃይል ታጣለች። በቤት የተዘጋው ሠራዊት ግን እንቁላሉና እጩ ያለበትን ክፍል በ34 እና በ35 ዲግሪ መካከል አሙቆ መያዝ ግዴታው ነውና፣ በበጋው ያከማቸውን ማር ለዚሁ ሲል ይጨርሰዋል። ስንቁ ሲያልቅ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣሏን ትቀንሳለች፤ ድንጉላው ይባረራል፤ የሀገራችን ንብ ደግሞ ችግሩ ከጸናበት ቀፎውን ጥሎ ይሰደዳል።

እኔን አብልጦ የሚያሳዝነኝ ረኃቡ የሚመጣበት ወራት ነው። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላልነት ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል፤ ከዚያም ሦስት ሳምንት ያህል በውስጥ እጭ ስትመግብ፣ የማር እንጀራ ስትሠራ፣ ደጃፍ ስትጠብቅ ቆይታ ነው ወደ አበባ የምትሰማራው። እንግዲህ ዛሬ የተጣለችው እንቁላል ጳጉሜን 1 ቀን ንብ ሆና ትወጣለች፤ ሜዳውን ግን የምታየው በመስቀል ሰሞን ነው፤ መስከረም 26 ቀን ዘመነ ጽጌ ሲገባም ማሩን የምትሰበስበው እርሷና እኅቶቿ ናቸው። በፍልሰታ እንቁላል ያልተጣለበት ቀፎ፣ ምድሪቱ ሁሉ ቢጫ ለብሳ ብትታይ እንኳ፣ የሚልከው ሠራተኛ የለውም።

አበባን ካነሣሁ ዘንድ የፀረ አረም መድኃኒት ነገር መጣብኝ፤ ልተወውም አልቻልሁም። አምና በዚሁ ወር ከአጥሬ ማዶ ያለው የስንዴ ማሳ ቱ ፎር ዲ ሲረጭበት አንድ ቃል የነገረኝ ሰው አልነበረም። መድኃኒቱ ስንዴውንና ጤፉን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ የሚያደርቅ ነው፤ ንብ የሚቀስመው መጭም ቅጠለ ሰፊ ነው። በማሳው ውስጥ ያለውን ያጥፋ፣ የአረም ጉልበት ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁና ገበሬውን አልወቅስም፤ ግን ድንበሩን፣ ቦይ ዳሩን፣ ማንም የማያርሰውን ጥግ ስለ ምን? በጥቅምት ያ ዳርቻ እንደ አመድ ገርጥቶ ሳየው አለቀስሁ ብላችሁ እመኑኝ። የሰም ጧፍ ጠፋ እያልን በየደብሩ የምናዝን ሰዎች፣ ሰሙ ከየት ይመጣ እንደ ነበር ምነው ረሳነው!

አያቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእነዚህ ቀኖች በሶ በማር ለውሶ በሸክላ ሳሕን ከቀፎው ሥር ያኖር ነበር። እኛ ልጆቹ ፍልሰታን የምንጾም ነንና ዓይናችን ከማሩ ላይ ሲንከራተት፣ «ጾሙ ለናንተ ነው የታዘዘው፤ ንብ ቀኖና የለበትም» ብሎ ያባርረን ነበር። ማር ሲቆርጥም ከጀርባ ያለውን እንጀራ ፈጽሞ አይነካም፤ የክረምት ድርሻቸው ነው ይል ነበር።

ወገኖቼ፣ ቀፎ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ቀፎውን ከኋላው ብድግ አድርጋችሁ ክብደቱን ሞክሩት። ቀልሎ ካገኛችሁት በሶውንና የስኳር ውኃውን ሲመሽ አቅርቡለት፤ ሌላ ንብ እንዳይዘርፈው ደጃፉን አጥብቡለት፤ ጉንዳን እንዳይወጣበትም ከመቆሚያው ሥር አመድ ነስንሱ። መድኃኒት የምትረጩ ጎረቤቶችም፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ከዋዜማው ንገሩን፤ ድንበሩንም ተዉት።