ለተቀናቃኝ ማጨብጨብ

የሥራ ባልደረባህ ካንተ ቀድሞ ዕድገት ባገኘ ቀን፥ እጁን ጨብጠህ «እንኳን ደስ ያለህ» ብለኸው ታውቃለህን? እኔ አንድ ጊዜ ይህ አቅቶኝ፥ አንገቴን ደፍቼ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቻለሁ። ያን ቀን ባሰብሁ ቁጥር ዩሴቢዮ ትዝ ይለኛል።

ዩሴቢዮ በ1942 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በሞዛምቢክ ከድኻ ቤተሰብ ተወልዶ፥ ለሊዝበኑ ቤንፊካና ለፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ ስመ ጥር አጥቂ ነው። በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፖርቱጋል በሰሜን ኮሪያ 3 ለ 0 ስትመራ፥ እርሱ ብቻውን 4 ጎል አግብቶ ጨዋታው 5 ለ 3 በድል ተፈጸመ። በውድድሩም በ9 ጎል አንደኛ ሆነ።

እኔ ግን ከገቡለት ኳሶች ይልቅ አንዲት ያልገባችለትን አልረሳም። በ1968 በዌምብሌይ፥ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፥ ቤንፊካና ማንቸስተር ዩናይትድ 1 ለ 1 ሆነው ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፥ ዩሴቢዮ ከበረኛው ከስቴፕኒ ጋራ ፊት ለፊት ተገናኝቶ ኳሷን በኃይል መታት። በረኛው ቀለባት። ዩሴቢዮም ቆሞ አጨበጨበለት! በተጨማሪው ሰዓት ቡድኑ 4 ለ 1 ተሸነፈ።

እንግዲህ ወዳጄ፥ ዋንጫው ለሌላ በደረሰ ቀን እጅህን ከኪስህ አውጣ።